ፕሮግራም የሚችለውን በምን እናውቃለን?

በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት በሆነው የንግግር መርሐ ግብር ላይ በቃል የቀረበ፤ ለንባብ እንዲያመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል።



ርእሴ ጠባብ ይመስላል። አንድ ፕሮግራም ሌላ ፕሮግራምን በትእዛዝ መስመር አስነሥቶ በሚያሠራበት ጊዜ፣ ታዛዡ ምን ምን እንደሚችል አዛዡ በምን ያውቃል? ጥያቄዬ ይኸው ነው። በመማሪያ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ ምክንያቱም እኛ መምህራን የትእዛዝ መስመርን የምናስተምረው ከቁልፍ ሰሌዳው ፊት ሰው እንደ ተቀመጠ አድርገን ነው። ሰው የእገዛውን ጽሑፍ ያነባል፣ ይሞክራል፣ ስሕተት ሲወጣበት አንብቦ ያርማል። በሥራ ዓለም ግን ሌሊትና ቀን ትእዛዝ ሲሰጡ የሚያድሩት በአብዛኛው ሌሎች ፕሮግራሞች ናቸው። እነርሱ ደግሞ ግራ ሲገባቸው ጎረቤት አይጠይቁም።

የባቲን የሰኞ ገበያ የማያውቅ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ጥቂት ነው። ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ጫፍ ላይ፣ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት ገበያ ነው። ከብት ወይም ግመል ሊገዛ የመጣ ሰው ምን እንደሚያደርግ ልብ በሉ። ሻጩ የእንስሳውን ዕድሜ ይነግረዋል፤ ገዢውም በአክብሮት ይሰማል። ከዚያ በኋላ ግን አፉን አስከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ አስነሥቶ ያራምደዋል። ይህን ሲያደርግ ሻጩን ሐሰተኛ ማለቱ አይደለም። የሚነገር ዕድሜ አንድ ነገር፣ እንስሳው የሚሠራው ሥራ ሌላ ነገር መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። በእኛ ሙያ የሚነገረው ዕድሜ የቨርዥን ቁጥር ነው፤ ጥርስ ማየት ደግሞ ፕሮግራሙን ራሱን መፈተሽ ነው። ምሳሌው እስከ መጨረሻው አይሄድም፤ እንስሳ አይናገርም፣ ፕሮግራም ግን ችሎታውን በራሱ አንደበት እንዲናገር አድርጎ መሥራት ይቻላል። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ የሚያርፈው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

አስቀድሜ ከቅርባችን ካለው ልጀምር። የሊኑክስ ሥርዓት መሠረት የሆነው ጂሊብሲ የሚባለው የሲ ቤተ መጻሕፍት የየአገሩን ቋንቋና ልማድ የሚገልጹ ፋይሎች አሉት። ከእነዚህ መካከል ለኢትዮጵያ የተዘጋጁ የአማርኛ፣ የኦሮምኛና የአፋርኛ ፋይሎች ይገኛሉ። የባቲ ገበያ ሦስት ቋንቋዎች በአንድ ተራ የሊኑክስ ኮምፒዩተር ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነቃል፤ እኔም ተማሪዎቼን በዚህ ማስደነቅ እወዳለሁ። ሦስት ተጠቃሚዎች በአንድ ማሽን ላይ ቀኑን የሚነግረውን ትእዛዝ ቢያስነሡ፣ እያንዳንዳቸው ሰኞን በየራሳቸው ቋንቋ ያነባሉ። ለሰው ይህ መከበር ነው። ያንኑ ጽሑፍ ቆርጦ ለሚያነብ ፕሮግራም ግን አንዱ ሰኞ ሦስት የማይገናኙ ቃላት ይሆንበታል።

በዚህ አካባቢ የሚገኝ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ሰነዶቹን በየሳምንቱ ሰኞ ወደ ሌላ ዲስክ የሚገለብጥ አጭር ስክሪፕት ነበረው። ስክሪፕቱን የጻፈው ባለሙያ ቀኑን የሚለየው ከቀን መንገሪያው ትእዛዝ ውጤት ላይ የእንግሊዝኛውን የሰኞ ምኅጻረ ቃል በመፈለግ ነበር። አንድ ቀን ማሽኑ በአማርኛ እንዲሠራ ተደረገ፤ መልካም ሥራ ነው። ከዚያ ወዲህ ስክሪፕቱ በየቀኑ ይነሣል፣ «ሰኞ» የሚለውን ያያል፣ የሚያውቀውን ቃል ሳያገኝ ቀርቶ በሰላም ይተኛል። የስሕተት መልእክት የለም፤ የተጻፈ መዝገብ የለም። እንዳየው የተጠራሁት ዲስኩ ከተበላሸ በኋላ ነበር። ቅጂውን ስንከፍተው የብዙ ወራት ሰነድ አልነበረበትም።

አስተዳዳሪ ሶፍትዌር የሚጽፉ ሰዎች ይህን ችግር ያውቁታል። ስለዚህ ሌላውን ፕሮግራም ከማስነሣታቸው በፊት የቋንቋ ቅንብሩን ሲ ወደሚባለው፣ የማንም ባህል ወደሌለበት ቅንብር ይመልሱታል። ለቀን ስም ይህ ይበቃል። ነገር ግን ጽሑፉ በአንድ ቋንቋ ቢጸናም፣ የዚያው ቋንቋ ዓረፍተ ነገር ራሱ ከቨርዥን ወደ ቨርዥን ይለወጣል። ችግሩን በሰፊው ለማየት ከባቲ ወጥቼ ወደ አንድ የታወቀ ታሪክ ልውሰዳችሁ፤ ሩቅ ቢመስልም የዞንና የወረዳ ሰርቨሮችን የሚነካ ነው።

ኪውኢሙ የሚባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2003 በፋብሪስ ቤላር የተጀመረ ነው። አንዱን ኮምፒዩተር እንደ ብዙ ኮምፒዩተር አድርጎ ያሠራል፤ እነዚህን በውስጡ የሚነሡ ኮምፒዩተሮች ቨርቹዋል ማሽን እንላቸዋለን። አንድ ሰርቨር ብቻ ያለው መሥሪያ ቤት የሰው ኃይሉን መዝገብ፣ የሒሳቡን ሥርዓትና የፋይል ማከማቻውን ለየብቻ ሊያስቀምጥ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ኪውኢሙ ግን የሚታዘዘው በትእዛዝ መስመር ነው። ዲስኩ፣ ኔትወርኩ፣ ማኅደረ ትውስታው፣ የፕሮሰሰሩ ዓይነት ሁሉ አማራጭ ሆነው ተደርድረው ሲጻፉ አንዱ ትእዛዝ ከአንድ ገጽ ይበልጣል። ያንን የሚጽፍ ሰው የለም፤ የሚጽፈው አስተዳዳሪ ሶፍትዌር ነው። ከእነዚህ አስተዳዳሪዎች ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው ሊብቨርት ነው።

ሊብቨርት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኪውኢሙን የሚያውቀው እንዲህ ነበር። ፕሮግራሙን «እገዛ» በሚለው አማራጭ ያስነሣዋል፤ ለሰው ተብሎ የተጻፈውን ረጅም ጽሑፍ ይቀበላል፤ ከዚያ በጽሑፉ ውስጥ ቃላትን ያድናል። «ድራይቭ» የሚለውን አማራጭ ካገኘ፣ ዲስክን በአዲሱ መንገድ መግለጽ ይቻላል ብሎ ይመዘግባል። «ካሽ» የሚለውን አግኝቶ «ኦን ወይም ኦፍ» የሚለውን አጻጻፍ ካጣ፣ ሁለተኛው ዓይነት የካሽ አሠራር አለ ብሎ ይደመድማል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ፤ አንድ የጽሑፍ ቁራጭ ስለ ጠፋ አንድ ችሎታ ተገኘ ተብሎ ነው የሚመዘገበው! የእገዛው ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ ያለችው የቨርዥን መስመር እንኳ አንድ ወጥ አልነበረችም። በአንዳንዱ ቨርዥን «ኪውኢሙ ፒሲ ኢሙሌተር» ትላለች፣ በሌላው «ፒሲ» የሚለው የለም። ስለዚህ ሊብቨርት ሁለቱንም አጻጻፎች ሸምድዶ መያዝ ነበረበት።

ይህን የጻፉት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ሌላ የሚጠይቁት አካል አልነበራቸውም። ኪውኢሙ ለሰው እንጂ ለፕሮግራም የሚናገርበት አፍ ስላልነበረው፣ ለሰው የተነገረውን በጓዳ በር ሆነው ያዳምጡ ነበር። ጉዳቱ ደግሞ በሁለቱም ወገን ነው። የእገዛውን ጽሑፍ ለማሳመር አንዲት ቃል የሚያርም ሰው፣ ሳያውቀው በሌላ አገር ያለ ሰርቨር እንዳይነሣ ሊያደርግ ይችላል። ማንም ያልፈረመበት ጽሑፍ ውል ሆኖ ያድራል።

እንግዲህ «ጽሑፉን ትተን የቨርዥኑን ቁጥር ብቻ ብናይስ?» የሚል ይኖራል። ብዙ ተማሪዎች ይህን መልስ ይሰጡኛል፤ መልሱ ንጹሕ ስለሚመስል ነው። ሬድ ሃት ስድስተኛው ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲወጣ ይዞት የመጣው ኪውኢሙ ቁጥሩ 0.12.1.2 ነበር። ያ ሥርዓት ለዓመታት በሥራ ላይ ቆየ፤ የፋብሪካው መሐንዲሶችም ከኋለኞቹ ቨርዥኖች ብዙ ችሎታዎችን እየወሰዱ በዚያው በአሮጌው ቁጥር ላይ ይቀጥሉ ነበር። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ አስተዳዳሪ ያንን ፕሮግራም እንደ ሽማግሌ ይቆጥረዋል፤ ጥርሱን ቢያየው ግን ወጣት ነው። ተገላቢጦሹም አለ። አዲስ ቁጥር የያዘ ፕሮግራም ሲገነባ አንዳንድ ክፍሎቹ ሆን ተብለው ሊተዉ ይችላሉ፤ ቁጥሩ አለው ይላል፣ ፕሮግራሙ ግን የለውም። ቁጥር የሚነግረን የት እንደ ተወለደ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ምን እንደ ደረሰበት አይነግረንም።

መፍትሔው ከኪውኢሙ ወገን መጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 ገደማ ኪውኤምፒ የሚባል ፕሮቶኮል ተጨመረለት። ይህ ለፕሮግራም ብቻ የተከፈተ በር ነው። አስተዳዳሪው በሶኬት ሲገናኘው ኪውኢሙ በጄሰን ቅርጽ ሰላምታ ይሰጣል፤ ማን እንደ ሆነና በዚህ ፕሮቶኮል ምን ተጨማሪ ነገር እንደሚቀበል ይናገራል። አስተዳዳሪው ሰላምታውን መልሶ ድርድሩን እስኪጨርስ ድረስ ሌላ ትእዛዝ አይሰማም። አገር ቤት ያደገ ሰው ይህ አይገርመውም፤ ሰላምታ ሳይጠናቀቅ ወደ ጉዳይ አይገባም። ከዚያ በኋላ ጥያቄው ይቀጥላል። ምን ምን ትእዛዝ ታውቃለህ? ምን ዓይነት ማሽን ታስነሣለህ? የትኞቹን ፕሮሰሰሮች? ይህ መሣሪያ ምን ምን ባሕርያት አሉት? መልሱ ሁሉ የተስተካከለ፣ ቋንቋ የማይለውጠው፣ ዓረፍተ ነገር የሌለው ነው።

ነገር ግን አንድ እንቅፋት ቀርቶ ነበር። ኪውኢሙን ለመጠየቅ መጀመሪያ ማስነሣት ያስፈልጋል፤ ለማስነሣት ደግሞ ምን ዓይነት ማሽን እንደሚያስነሣ መንገር ያስፈልጋል፤ ያንን ለመንገር የሚችለውን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው 1.2 ቨርዥን ይህ ክብ ተሰበረ። «ምንም» የሚል ስም ያለው የማሽን ዓይነት ተጨመረ፤ ዲስክ የለው፣ ፕሮሰሰር የለው፣ ለመጠየቅ ብቻ የሚነሣ ባዶ ማሽን። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሊብቨርት ይህንን ባዶ ማሽን ያስነሣል፣ በኪውኤምፒ ጥያቄዎቹን ይጠይቃል፣ መልሱን መዝግቦ ይዘጋዋል። በሶፍትዌር ታሪክ ውስጥ ከማደንቃቸው ትናንሽ ሐሳቦች አንዱ ይህ ነው።

ከዚህም በኋላ ጥያቄው እየጠለቀ ሄደ። አንድ ትእዛዝ ስሙ ሳይለወጥ የሚቀበላቸው ነገሮች ይበረክታሉ፤ ስለዚህ «ይህ ትእዛዝ አለህ?» ማለት ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ በወጣው 2.5 ቨርዥን ኪውኢሙ የትእዛዞቹን ሙሉ ስኪማ ሲጠየቅ የሚያቀርብ ሆነ፤ እያንዳንዱ ትእዛዝ ምን ዓይነት ግብዓት እንደሚወስድና ምን ዓይነት መልስ እንደሚሰጥ አስተዳዳሪው ከዚያው ያነባል። ይህም ቢሆን የቅርጽ እውቀት ነው። ቅርጹ ሳይለወጥ ጠባዩ የተለወጠ ነገር በስኪማ ላይ አይታይም። አንድ ጉድለት ታርሞ አጻጻፉ እንደ ነበረ ቢቀር፣ አስተዳዳሪው የታረመውን ካልታረመው በምን ይለያል? እ.ኤ.አ. በ2019 በስኪማው ላይ የጠባይ ምልክቶችን መጨመር የተጀመረው ለዚህ ነው። አጻጻፉ ያው ቢሆንም ጠባዩ መለወጡን በስም የሚመሰክር ምልክት ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉም የሚከብደው ይህ ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙን የሚጽፈው ሰው ዛሬ የለወጠው ነገር ነገ ለሌላው እንደሚያስፈልገው አስቀድሞ ማሰብ አለበት። ማሽን ይህን ሊያስብለት አይችልም።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ጉዳይ ልሻገር። የተጠየቀው መልስ የት ይቀመጣል? ሊብቨርት በተነሣ ቁጥር ሁሉንም ፕሮግራም እንደገና ቢጠይቅ ጊዜ ይፈጃል፤ ስለዚህ መልሱን በዲስክ ላይ መዝግቦ ያስቀምጣል። የፕሮግራሙ ፋይል ሲቀየር መዝገቡን ጥሎ እንደገና ይጠይቃል። ይህ ለረጅም ጊዜ በቂ መስሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ስፔክተር የተባለው የፕሮሰሰር ደካማ ጎን ለዓለም ተገለጠ። የፕሮሰሰር ፋብሪካዎች በማይክሮኮድ ማሻሻያ አዲስ መከላከያ ላኩ። እዚህ ላይ ምን እንደ ሆነ አስተውሉ፤ የኪውኢሙ ፋይል አልተነካም፣ ፕሮሰሰሩ ግን ትናንት ያልነበረው ችሎታ ዛሬ አለው። የፋይሉን ለውጥ ብቻ የሚጠብቅ መዝገብ ይህን አያይም። አስተዳዳሪው «ይህ ማሽን መከላከያው የለውም» ብሎ በአሮጌው መዝገቡ ጸንቶ ይቀመጣል፤ በውስጡ የሚነሡት ቨርቹዋል ማሽኖችም መከላከያው ሳይደርሳቸው ይሠራሉ። ባለሙያው ማሻሻያውን ጭኖ፣ አስነሥቶ፣ ተጠናቋል ብሎ ወደ ቤቱ ሄዷል። ከዚህ በኋላ ነው ሊብቨርት የማይክሮኮዱን ቨርዥን በመዝገቡ ውስጥ ጽፎ፣ ሲለወጥ መዝገቡን እንዲጥል የተደረገው።

ይህ ለምን ለእኛ ይከብዳል? በትላልቅ ከተሞች ባለ የመረጃ ማእከል ውስጥ አንዱ ሰርቨር ባይነሣ ሌላው ይነሣል፤ የሚከታተሉ ሰዎችም አሉ። በአንድ ወረዳ ግን ሰርቨሩ አንድ ነው፤ ባለሙያው አንድ ነው፤ እርሱም ጠዋት ፕሪንተር ሲጠግን ከሰዓት ኔትወርክ ሲዘረጋ ይውላል። አስተዳዳሪ ሶፍትዌሩ ያለውን ችሎታ የለም ካለው ሥራ ይጓደላል፤ የሌለውን አለ ካለው ደግሞ በማግሥቱ ማሽኑ አይነሣም፤ ባለ ጉዳዩም ከገጠር ቀበሌ በእግሩ መጥቶ «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ሁላችንም እናውቃታለን። ከኋላዋ ብዙ ጊዜ የመብራት ወይም የኔትወርክ መቋረጥ አለ፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ሁለት ፕሮግራሞች ሳይግባቡ መቅረታቸው ነው፤ ይህ የኋለኛው በእኛ በጻፊዎቹ እጅ ያለ ነገር ነው።

ስለዚህ በዚህ ፋኩልቲ ለመመረቂያ ፕሮጀክት የትእዛዝ መስመር መሣሪያ የምትጽፉ ተማሪዎችን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የእገዛው ጽሑፍ ለሰው ይሁን፤ ባማረ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ጻፉት፣ በፈለጋችሁ ጊዜ አሻሽሉት። ከእርሱ አጠገብ ግን ችሎታን በጄሰን የሚናገር አንድ አማራጭ ጨምሩ፤ በዚያ ውስጥ ያለ ስም አንዴ ከወጣ በኋላ ትርጉሙ አይለወጥ። የጊት ጻፊዎች ይህን በቀላል መንገድ ሠርተውታል፤ የሁኔታ መግለጫው ትእዛዝ ለሰው የሚያሳየው አንድ መልክ አለው፣ «ፖርሴሊን» የሚባለውን አማራጭ ስትጨምሩበት ደግሞ ከቨርዥን ወደ ቨርዥን እንዳይለወጥ ቃል የተገባበትን መልክ ይሰጣችኋል። በስሙ አትሸወዱ፤ በጊት ሌላ ቦታ ፖርሴሊን የሚባሉት ለሰው የተሠሩት ትእዛዞች ናቸው፣ እዚህ ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። የስም አወጣጥ የፕሮግራመሮች ጥንካሬ ሆኖ አያውቅም።

ሌላው ከዚህ የባሰ የምቆጥረው የማይታወቅ አማራጭን ዝም ብሎ ማሳለፍ ነው። አንዳንድ ጻፊ ለተጠቃሚው ደግ የሆነ መስሎት ያልገባውን አማራጭ እያለፈ ሥራውን ይቀጥላል። ደግነቱ ጉዳት ነው። አስተዳዳሪው «ይህን ትችላለህ?» ብሎ በመሞከር ሊያውቅ ሲል ፕሮግራሙ ሁሉንም እሺ ይለዋል። ሁሉንም እሺ የሚል ሠራተኛ ምን እንደሚችል ማወቅ አይቻልም። ያልገባው አማራጭ ሲመጣ ፕሮግራሙ ወዲያው ይቁም፣ ዜሮ ያልሆነ የመውጫ ኮድ ይመልስ፣ ስሕተቱንም ከውጤቱ ለይቶ በስሕተት መስመር ይላክ።

«ለሁለት መቶ መስመር ፕሮግራም ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ ተማሪ በየዓመቱ አለ። ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለሚጣል ስክሪፕት አያስፈልግም። ሰኞ ሰኞ ሰነድ ይገለብጥ የነበረው ስክሪፕት ግን ሠላሳ መስመር አይሞላም ነበር።

በሥራ ላይ ላላችሁ ባለሙያዎች ደግሞ ወደ መሥሪያ ቤታችሁ ስትመለሱ ሁለት ነገር እንድታዩ እለምናችኋለሁ። የመጀመሪያው፣ በየሌሊቱ የሚነሡ ስክሪፕቶቻችሁ የሌላ ትእዛዝ ውጤት ሲያነቡ የቋንቋ ቅንብሩን አስቀድመው ወደ ሲ ይመልሱ እንደ ሆነ ነው። ቀኑን ለማወቅም ስሙን ከመፈለግ ይልቅ ቁጥሩን ጠይቁ፤ ያው ትእዛዝ የሳምንቱን ቀን በቁጥር ስጠኝ ሲባል ለሰኞ በየትኛውም ቋንቋ 1 ይመልሳል። ሁለተኛው፣ የማይክሮኮድ ማሻሻያ ከጫናችሁ በኋላ ማሻሻያው መጫኑን ብቻ ሳይሆን በቨርቹዋል ማሽኑ ውስጥ ገብታችሁ መከላከያው መድረሱን ማየት ነው። ሊኑክስ በሲስ ማውጫው ውስጥ ለእያንዳንዱ የታወቀ የፕሮሰሰር ደካማ ጎን አንድ ፋይል አለው፤ ከፍታችሁ ብታነቡት ማሽኑ የተጋለጠ ወይም የተከለለ መሆኑን በአንድ መስመር ይነግራችኋል። ይህን በአስተናጋጁ ሰርቨር ላይም፣ በውስጡ በሚሠሩት ማሽኖች ላይም ለየብቻ አንብቡት፤ ሁለቱ ሁልጊዜ አንድ አይሉም።

ባዶውን ማሽን አስነሥቶ በኪውኤምፒ መጠየቅ ለሚፈልግ ከሻይ ዕረፍቱ በኋላ በላቦራቶሪው ውስጥ አንድ ማሽን ተዘጋጅቷል። እስከዚያው ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ።